እማዬ ሌዘር ታዘዘላት፣ ምን ትሉናላችሁ?

ሰላም ወገኖች። እማዬ ከአገር ቤት ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። ዓይን ሐኪም ጋ ወሰድናትና ግላኮማ (የዓይን ነርቭን ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ) ጀምሯታል፣ ሌዘር ይሠራላት አሉን። እሷ «ዓይኔን በእሳት አላስነካም» ብላ እምቢ አለች። ጎረቤታችን ደግሞ ሌዘር ኢንሹራንስ አይሸፍነውም፣ ከኪስ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው አለን። እዚህ አሜሪካ ያሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን።

— እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ጎረቤታችሁ የሚያወራው ስለ ሌላ ሌዘር ነው። እሱ ላሲክ ነው፣ መነጽር ለማስጣል የሚሠራው። ኢንሹራንሶች እንደ ምርጫ ስለሚቆጥሩት አብዛኛውን ጊዜ አይከፍሉለትም። የእናትሽ ግን የበሽታ ሕክምና ስለሆነ እንደ ማንኛውም ሕክምና ነው የሚታየው። የእናንተ ድርሻ ስንት እንደሆነ ብቻ ቀድማችሁ ደውላችሁ አጣሩ።

አክስቴን ይዤ ስለሄድኩ አጠገቧ ሆኜ አይቻለሁ። ማደንዘዣ ጠብታ አደረጉላት። አገጯን መደገፊያው ላይ አሳረፈች፣ ሐኪሟ ትንሽ ሌንስ ዓይኗ ላይ አስደግፋ መተኮስ ጀመረች። አክስቴ ያየችው አረንጓዴ ብልጭታ ነው። ቢላ የለ፣ መርፌ የለ፣ ደቂቃዎች ናቸው። ትንሽ አስቀምጠው የዓይኗን ግፊት ደግመው ለኩና ሸኙን። የዚያን ቀን ብዥ አለባት፣ ዓይኗም ቆረቆራት። ለእናትሽ እንዲህ በዝርዝር ንገሯት፣ ፍርሃቷ ይቀንሳል።

ይህ ኤስኤልቲ የሚባለው ነው። በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ በደንብ ሳይወጣ ሲቀር ግፊቱ ይጨምርና የዓይን ነርቩን ይጎዳል። ሌዘሩ መውጫውን ያሻሽላል። እ.ኤ.አ. በ2019 እንግሊዝ አገር በወጣ ትልቅ ጥናት በዚህ ሌዘር ከጀመሩት ሰዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ለ3 ዓመት ያለ ግፊት ቀናሽ ጠብታ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር ቆይቷል። እየቆየ ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል፣ ያኔ ሊደገም ይችላል። ለሁሉም ዓይነት ግላኮማ ግን አይሆንም፣ ስለዚህ የእሷ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

አደራ፣ አታዘግዩት። በግላኮማ የጠፋ እይታ በምንም አይመለስም። ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውምና እናትሽ «ደህና ነኝ» ብትል አይገርምም፣ ከዳር ከዳሩ ነው ቀስ ብሎ የሚወስደው።

— እኔ አንድ ልጨምር። ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ልጆች ስናስተረጉም እናቶቻችን እንዳይደነግጡ ብለን ዋናውን ነገር እንዘላለን። እሷ ራሷ ከሐኪሙ ትስማው፣ ራሷም ትጠይቀው።

— አመሰግናለሁ፣ ተባረኩ። ነገውኑ እደውላለሁ። ስኳርም አለባት፣ ለእሱስ የተለየ ሌዘር ይኖር ይሆን?

— አለ፣ ግን ሌላ ነው። ስኳር የዓይን ጀርባ ላይ ያሉትን ደም ስሮች ሲጎዳ ሬቲናው ላይ (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ጀርባ ሽፋን) የሚሠራ ሌዘር አለ፣ አንዳንዴም መርፌ ይመረጣል። ብሌኗን በጠብታ አስፍተው ሬቲናዋን በየዓመቱ እንዲያዩላት ጠይቂ። አንቺም እህት ወንድሞችሽም የዓይን ግፊታችሁን ተለኩ፣ ግላኮማ በዘር ሊሄድ ይችላል።