የአያቴ ስም በሁለት መልክ ተጽፎ የሕግ ማመልከቻዬ ቆመብኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በማኅበራዊ ሳይንስ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ የማለፊያውን 50 በመቶ አልፌያለሁ። መማር የምፈልገው ሕግ ነው። ሌላ ነገር አይታየኝም።

ልጅ ሆኜ ሴት አያቴን ለመሬት ክርክር ወረዳ ፍርድ ቤት ይዣት እሄድ ነበር። በሩ አጠገብ ዣንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ አለ። አቤቱታዋን ጽፎ ሲያነብላት ወደ እኔ ዞራ «ይኼን እኔ ብያለሁ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ በአሻራ ፈረመች። ቀለም የነካው አውራ ጣቷን ነጠላዋ እንዳይቆሽሽ ከፍ አድርጋ ይዛው ስትወጣ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ችግሬ ይኸውላችሁ። የወንድ አያቴ ስም በፈተና ውጤቴ ላይ «ገብረመድኅን» ነው። ፋይዳዬ ላይ ግን «ገ/መድኅን» ተብሏል። የማመልከቻ ቅጹ ስሙ አይመሳሰልም ብሎ አላሳልፍ አለኝ። ትምህርት ቤት ስሄድ «ፋይዳውን አስተካክይ» ተባልኩ። እዚያ ስሄድ ደግሞ «ሌላ ማስረጃ አምጪ» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተመላለስኩ። ምዝገባው ሊዘጋ 6 ቀን ቀርቶታል፣ እንቅልፍም አጥቻለሁ።

እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። የትኛው ቢስተካከል ይፈጥናል? የልደት ሰርተፍኬት ብቻ ይበቃል ወይስ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠይቁኛል?

ሌላም አለ። ሕግ 5 ዓመት እንደሆነ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥና መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና እንዳለው አውቃለሁ። እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው። ሕግ የተማራችሁ እህት ወንድሞቼ፣ እስከዚያ ምን እያነበብኩ ልቆይ?