በአሜሪካ ላይ የሚደረግ ሰልፍ ዲፕሎማሲን ያስለውጣል?

የጣና ዳር ልጅ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ትናንት አመሻሽ ጣና ዳር ቡና ይዘን ስንጨዋወት፣ አንድ ጓደኛዬ ግንቦት 22 ቀን 2013 ዓ.ም. የአሜሪካን የቪዛ ክልከላ ለመቃወም በአዲስ አበባ ስታዲየም በተካሄደው ሰልፍ ላይ የተነሣውን ፎቶ ከስልኩ አውጥቶ አሳየን። ፀሐይ እንዳይመታው ባንዲራውን በራሱ ላይ ጣል አድርጎ ቆሟል። ያ ሁሉ ሕዝብ ወጥቶ ሳለ ግን ኢትዮጵያ ከሰባት ወር በኋላ፣ የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገቡበት ዕድል ከአጎዋ ተሰረዘች። ከአቦል እስከ በረካ ተከራክረን ስላልተስማማን እናንተን ልጠይቅ፤ ሰልፍ የዋሽንግተንን እጅ የጠመዘዘበት አገር አለ?

መምህር ከፋሲሎ፦
አለ፣ ልጄ። እ.ኤ.አ. በ1991 የፊሊፒንስ ሴኔት የአሜሪካ የጦር ሰፈሮች እንዲቆዩ የሚፈቅደውን ውል 12 ለ11 በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረገው፤ በቀጣዩ ዓመትም የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሱቢክ የተባለውን ሰፈሩን ለቅቆ ወጣ። ለዓመታት አደባባይ ሲወጣ የኖረው ሕዝብ ጩኸቱን የሚያስገባበት በር፣ ማለትም ውል የማጽደቅ ሥልጣን ያለው ምክር ቤት፣ በገዛ አገሩ ነበረው። የአጎዋ ውሳኔ ግን በአሜሪካ ፕሬዚዳንት እጅ ስለሆነ፣ እኛ የቱንም ያህል ብንሰለፍ ድምፃችን የሚቆጠርበት ቦታ አልነበረም።

ዓባይ ማዶ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ጃፓንን አይርሷት። እ.ኤ.አ. በ1960 የፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን ጉብኝት ሊያመቻች ቶኪዮ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰው የፕሬስ ጸሐፊያቸው ጄምስ ሃገርቲ፣ መኪናው በሰልፈኞች ተከብቦ በሄሊኮፕተር ነው የወጣው። ጉብኝቱ ተሰረዘ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪሺም ሥልጣን ለቀቁ፤ ሰልፈኞቹ የተቃወሙት ከአሜሪካ ጋር የተደረገው የጸጥታ ውል ግን ጸድቆ እስከ ዛሬ አለ። ፊሊፒንስም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ2014 በፈረመችው ስምምነት የአሜሪካን ወታደሮች ወደ ሰፈሮቿ መልሳ አስገብታለች።

እኅት ከሽምብጥ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ሰልፉ የኤምባሲ አጥር የዘለለ ዕለት የሚሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የቴህራን ተማሪዎች ኤምባሲውን ይዘው 52 ሰዎችን ለ444 ቀናት አገቱ፤ በማግስቱ ዓመት የተቋረጠው ግንኙነት እስከ ዛሬ አልተቀጠለም። እኛ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ስንሄድ መንገዱ ይረዝምብናል፤ ኢራናዊው ግን ለዚያው ጉዳይ ድንበር ተሻግሮ አንካራ ወይም ዬሬቫን ሲመላለስ ኖሯል። ወንድሜ፣ የጓደኛህ ሰልፍ በስታዲየሙ ውስጥ በሰላም በመጠናቀቁ አትከፋ። አጎዋን ባያስመልስም፣ አሜሪካ በ2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው የሰላም ንግግር በታዛቢነት እንድትቀመጥ የሚያስችለውን በር አልዘጋም።