ኮምቦልቻ፦ ለትንሿ ልጄም ለአማቼም የምግብ ነገር የሚያማክረን ባለሙያ የት ይገኛል?

ሰፊዋ (ኮምቦልቻ)፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቤቴ በር ላይ በአንድ የስፌት መኪና ልብስ እሰፋለሁ። ሁለት ጭንቀት አንድ ላይ ይዞኛል። ልጄ ዓመት ከአራት ወሯ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ስትመዘን 7 ኪሎ ከ800 ግራም ሆነች። የምትበላው አጥሚት ነው፣ እንጀራም በወጥ መረቅ ነክሬ አጎርሳታለሁ፣ ጡቴንም አልተወችም። አማቼ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ስኳርም ግፊትም አለባቸው።

ባለፈው ወር አባባን ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰድኳቸው። ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈን፣ ተራችን ሲደርስ «አመጋገብዎን ያስተካክሉ» ተባሉና አንድ ወረቀት ተሰጣቸው። ቤት ገብቼ ሳነበው ብሮኮሊ፣ ሳልመን፣ የአልሞንድ ወተት ይላል። አባባ «ይኼ የት ነው የሚበቅለው?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት የነገራቸውን ይዘው ነጭ ጤፍ ትተዋል፤ ቀይ ጤፍ አይጎዳም ተብለው ግን ያለ ልክ ይበላሉ። ማርም መድኃኒት ነው ይላሉ። ስኳራቸው ሲለካ 260 ነበር።

የምፈልገው ማጀቴን አይቶ፣ ያለኝን ማሽላና ሽሮ ጠይቆ፣ «ከዚህ ለልጅቱ ይኼን፣ ለሽማግሌው ይኼን» የሚለኝ ሰው ነው። ለየብቻ ለመቀቀል ከሰሉም ጊዜውም የለኝም። እንዲህ ያለ ባለሙያ አለ ወይ? ያስከፍላልስ? እናቴ የ77ን ረሃብ ያየች ሴት ናት። ልጅቱን ባቀፈች ቁጥር ክንዷን በጣቶቿ ትለካለች፤ ምንም አትናገርም። እኔ ግን አያለሁ።

ጤና ኤክስቴንሽን (ቃሉ አካባቢ)፦

አብሽሪ እህቴ። በከተማ የምንሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ነርሶች ነን፤ ቤት ለቤት መሄድ ሥራችን ነው፣ ክፍያ የለውም። ቀበሌሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ «ቤቴ ድረስ ትምጣልኝ» በይ። ስትመጣ የልጅቱን ክንድ በባለ ቀለም ሜትር ትለካለች። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 12.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው፤ ከ11.5 እስከዚያ ቢጫ፤ ከ11.5 በታች ቀይ። ቀይ ከሆነ በዚያው ቀን ሕክምና ትጀምራለች፣ ፕላምፒ ነትም በነፃ ነው የሚሰጠው። ሁለቱም እግሯ ካበጠ ወይም ምግብ እምቢ ካለች ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ይዘሻት ሩጪ።

አጥሚቱ ከማንኪያ እንደ ውኃ የሚፈስ ከሆነ ሆዷን ይሞላል እንጂ አያፋፋትም። ማንኪያው ላይ የሚቆም ገንፎ አድርጊው። ሦስት እጅ እህል ካለሽ አንድ እጅ ጥራጥሬ ቀላቅለሽ አስፈጪ፤ ስትሰጫት አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጣል አድርጊበት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትብላ፣ መሀል ላይ ደግሞ አንድ ሁለት ጊዜ መክሰስ። የራሷ ሳህን ይኑራት። ከትልቁ ትሪ ስትጎርስ ስንት እንደበላች ማንም አያውቅም፤ እኔ በየቤቱ የማየው ትልቁ ችግር ይኼ ነው።

የወልድያው አዛውንት፦

ልጄ፣ እኔ ከስኳር ጋር 14 ዓመት ኖሬያለሁ። ለአባትሽ ንገሪያቸው፦ ነጩም ቀዩም ጤፍ ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው፤ ማሽላውም እንደዚያው። ልዩነቱ ልኩ ላይ ነው። ማርም ስኳር ነው። እኔም መጀመሪያ ገብሴን እየቆላሁ «ገብስ አይነካኝም» ብዬ ስበላ ነበር የምወድቀው። በኋላ አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ሳህን ፊቴ አስቀምጣ አሳየችኝ፦ ግማሹ ጎመን ወይም ሌላ አትክልት፣ ሩቡ እንጀራ፣ ሩቡ ምስር ወይም ባቄላ። ወረቀት አልሰጠችኝም። ያንን ሳህን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ለግፊቱ ደግሞ በርበሬና ሽሮ ስታስፈጪ ጨው አትጨምሪበት። ወጡ ላይ ጨው ቀነስን እያልን ዱቄቱ ውስጥ ያለውን እንረሳዋለን። ረመዳን የሚጾሙ ከሆነ ቀድመው ሐኪማቸውን ያነጋግሩ፤ እየጾሙም ይለኩ። ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ያፍጥሩ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ (ደሴ)፦

ሁለቱም የተናገሩት ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ድስቱ ልጨምር፣ ጥያቄሽ እዚያ ላይ ስለሆነ። አንድ ድስት ይበቃሻል። ክክ ወይም ምስር በሽንኩርትና በጥቂት ዘይት ቀቅይ። በርበሬና ጨው ሳይገባበት የልጅቱን አውጪና ፍጪላት፤ የተቀቀለ ጎመን ወይም እንቁላል ጨምሪበት። ቀጥሎ የአባባን በሌላ ዕቃ አውጪ፣ በጣም ትንሽ ጨው ነካ አድርጊበት። በቀን ከሁሉም ምግብ የሚያገኙት ጨው ተደምሮ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች መሆን አለበት። የቀረውን ለእናንተ እንደለመዳችሁት አጣፍጪ። አዮዲን ያለው ጨውም ቢሆን ድስቱ ሊወርድ ሲል ሲገባ ነው አዮዲኑ የሚተርፈው፤ ስለዚህ ማዘግየቱ ለሁላችሁም ይጠቅማል።

ቡናና ሻይ ልጅቱ አትቅመስ። በረካው ላይ እንኳ «ትቅመስ» የሚል አይጠፋም፣ አውቃለሁ፤ ግን በምግቧ ያገኘችውን ብረት ሰውነቷ እንዳይወስድ ያደርጋል። ከምግቡ ጋር ፓፓያ ወይም ብርቱካን ብትሰጫት ግን ብረቱን ያግዛል። የሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ ካገኘሽ አጥንቱን በደንብ ለቅመሽ አብሊያት።

አባባ ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ እንጀራውን በአንድ ጊዜ አትቀንሺባቸው። መድኃኒቱ እንዳለ ምግቡ ብቻ ሲቀንስ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። መጀመሪያ ክትትል ለሚያደርግላቸው ይንገሩ። የጤና መድን ካላችሁ ጤና ጣቢያው ሪፈር ይጽፍላችኋል፤ ሆስፒታል ስትደርሱ የሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲያያቸው በአፋችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ ታልፋላችሁ፣ ይኼ ያሳዝነኛል። የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2030 ለማስቆም በ2007 ዓ.ም. የተገባው ቃል ኪዳን የተሰየመው በሰቆጣ ነው። ቃል ኪዳኑ በእኛው አገር ስም ተጠርቶ አንዲት እናት መረቅና ገንፎ የሚለይላት ሰው ማጣት የለባትም።

ሰፊዋ (ኮምቦልቻ)፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፦

አላህ ይስጣችሁ። ባለሙያዋ መጣች። ማጀት ገብታ የዱቄት ዕቃዬን አንድ በአንድ ከፍታ አየች፤ እንዲህ ያደረገ ሰው አይቼ አላውቅም። የልጄ ክንድ 12.1 ነበር፣ ቢጫ። ትናንት 12.3 ሆነ፤ ክብደቷም 8 ኪሎ ከ100 ደርሷል። የወልድያው አባቴ፣ እርስዎ ያሉትን የሳህን ነገር ለአባባ በእንጀራው ላይ በጣቴ አስምሬ አሳየኋቸው። እንጀራውን ተስማሙ፤ ማሩ ላይ ገና እየተነጋገርን ነው። የሆስፒታል ቀጠሯቸው የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው፣ ሪፈሩን ይዣለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። እህቴ ከባቲ የሰኞ ገበያ ማሾ አመጣችልኝ። ለልጅቱ ዱቄት ሳስፈጭ ልላጠው ወይስ ከነልጣጩ?

ጤና ኤክስቴንሽን (ቃሉ አካባቢ)፦

ማታ ዘፍዝፊው፣ ጠዋት በእጅሽ ስታሺው ልጣጩ ይወጣል። በደንብ አድርቀሽ፣ ለስለስ አድርገሽ ቁዪና አስፈጪ። በትንሽ በትንሹ ይሁን፣ ቶሎ እንዳይነቅዝ።