የብስክሌቱ መስመር በድንጋይ ይከለል ወይስ ቀለሙ ይበቃል? (የባሕር ዳር ክርክር)

መምህርት፣ ባሕር ዳር (ጥያቄውን ያነሳችው)

ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ወደ ትምህርት ቤት እየሄድኩ ነበር። ከፊቴ ያለው ባጃጅ ተሳፋሪ አየና እጥፍ ብሎ ብስክሌት መስመሩ ላይ ቆመ። ፍሬን ያዝኩ። የኋላው ጎማ ተንሸራተተ። ልጄ በክርኗ ወደቀች፣ ደብተሯ ቦይ ውስጥ ገባ። ሹፌሩ «ይቅርታ እታለም» ብሎኝ ሄደ።

ልጄ ደህና ናት፣ ክርኗ ብቻ ተልጧል። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን «እማዬ በእግር እንሂድ» ትለኛለች። በእግር ስንሄድም ያው ነው። የእግረኛው መንገድ በሸቀጥ ስለሚዘጋ አስፋልቱ ላይ እንወርዳለን።

ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ ልጽፍ ነው። ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የብስክሌቱ መስመር በቀለም ብቻ ሳይሆን በከርብስቶን (በመንገድ ጠርዝ ድንጋይ) ከመኪናው ይለይ። ትምህርት ቤት አካባቢ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይበልጥ። ትፈርማላችሁ? የማትፈርሙም ምክንያታችሁን ንገሩኝ። ስድብ ግን ይቅር።

ባለ ባጃጅ

ልጅዎን እግዜር ይማራት። ከኛ ውስጥ እንደዚያ የሚያደርግ የለም ብዬ አልምልም፣ እኔም አድርጌው አውቃለሁ።

ግን ልጠይቅዎ፣ የት ልቁም? ተሳፋሪ «ወራጅ» ካለ እዚያው ነው። ሃያ እርምጃ ካሳለፍኩት «ምነው፣ አዲስ አበባ ልታደርሰኝ ነው?» ይለኛል። ማቆሚያ ብሎ የሰጠኝ የለም። እናንተ ድንጋይ ስትደረድሩ እኔ መሀል አስፋልት ላይ ልቆም ነው፣ ከኋላዬ ሲኖትራክ እየመጣ። ያኔ የምናልቀው እኔና ተሳፋሪዬ ነን።

ብስክሌተኛውስ? ማታ ያለ መብራት፣ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ አንድ እጁ ስልክ ላይ። እሱን ማን ይከልልልኝ?

ባለ ሱቅ፣ የግንባታ ዕቃ

እኔ አልፈርምም። የምሸጠው ቆርቆሮና ብረት ነው። አይሱዙ ደጃፌ ካልቆመ በጀርባዬ ልሸከመው? ደንበኛም መኪናውን የሚያቆምበት ካጣ ሌላ ሰፈር ሄዶ ይገዛል። ግብሬ ግን አይቀነስልኝም።

የምህንድስና ተማሪ፣ ፖሊ ካምፓስ

ስለ 30ው ትንሽ ልበል፣ ሰው ቁጥሩን ዝም ብሎ የተመረጠ ይመስለዋል። የግጭት ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። 30 ሲባዛ በ30፣ 900 ነው። 50 ሲባዛ በ50 ደግሞ 2,500። ሹፌሩ የጨመረው 20 ብቻ ነው፣ ሰውዬውን የሚመታው ግን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በዚያ ላይ 50 የሚሄድ መኪና ፍሬን ከያዘም በኋላ ብዙ ይጓዛል።

ወንድሜ ባለ ባጃጅ፣ አንተም ከዚህ ውጭ አይደለህም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከዚህ 23 ከመቶው እግረኛ ነው፣ 6 ከመቶው ብስክሌተኛ። 21 ከመቶው ደግሞ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ላይ የነበረ ሰው ነው። ባለ ሦስት ጎማ ማለት አንተ ነህ።

የአዲሱን የዓባይ ድልድይ እዩት። ግንቦት 2016 ሲመረቅ ለእግረኛም ለብስክሌትም የተለየ ቦታ ነበረው። እዚያ የተቻለ መሀል ከተማ ለምን ያቅታል?

ባለ ሱቅ

ድልድዩ 43 ሜትር ስፋት አለው የኔ ወንድም! የኔን ሰፈር መንገድ መጥተህ በሜትር ለካልኝና ከዚያ እናውራ።

ጡረተኛ፣ ባሕር ዳር

ልጆቼ፣ እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሠራ ፈረቃ የምገባው በብስክሌት ነበር። ይህ ከተማ በ1950ዎቹ ማክስ ጉተር የሚባል ጀርመናዊ ፕላን ያወጣለት ነው። ሰፊ መንገድ፣ ዘንባባ፣ ሜዳ መሬት። ለብስክሌት የተፈጠረ ነው ብንል አልዋሸንም። ከጎሚስታው ጋር የማይተዋወቅ ሰው አልነበረም።

አሁን ጉልበቴም ደክሟል፣ ብስክሌቱን ለልጅ ልጄ ሰጥቼዋለሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ዜብራው ነው። እግሬን ሳሳርፍ መኪናው ይፈጥናል እንጂ አይቆምም። መሀል ላይ ቆሜ ክላክስ ይነፋብኛል። ድንጋዩንም አድርጉ፣ ዜብራውን ግን አትርሱት።

ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ

እናንተስ ስለ ብስክሌት ትከራከራላችሁ፣ ታድላችሁ! የኛ ከተማ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ አብዛኛው ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው። ከአዲስ አበባ ደጀን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው አውራ ጎዳና መሀላችንን ሰንጥቆ ያልፋል። ደንበጫም ፍኖተ ሰላምም እንደዚያው ናቸው። የጭነት መኪናው ከተማ መግባቱን ሳያውቅ በገጠር ፍጥነቱ ይመጣል። በገበያ ቀን ደግሞ በግና አህያ አለ፣ ጀርባዋ ላይ ጭነት ያዘለች ሴት አለች። ሁሉም ያው አስፋልት ላይ ነው።

ክረምት ሲገባ የቦዩ ክዳን የት እንደተነሳ አይታይም፣ ውሃው ሞልቶ እኩል ያደርገዋል። ከሥራ ስመለስ አንድ እግሬ እስከ ጉልበቴ ገብቶ ያውቃል። ጫማዬ እዚያው ቀረ። ማመልከቻሽ ላይ የቦይ ክዳንም ጨምሪልኝ፣ እኛም ገልብጠን ለኛ ከተማ እንጠቀምበታለን።

መምህርት

እጨምራለሁ። ጋሼ፣ ዜብራውንም እጽፋለሁ።

ባለ ባጃጁ «የት ልቁም?» ያለው አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል። እውነቱን ነው። እኔ እሱን አላሰብኩበትም ነበር።

ባለ ሱቅ፣ እርስዎን ግን አልምርዎትም። ሱቅዎን አውቀዋለሁ። ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ጫፉ የእግረኛውን መንገድ ይዘጋዋል። ትናንት አንዲት እናት ልጅ አዝላ በዚያ ስታልፍ ነጠላዋ ተያዘ። ቆማ አላቀቀችውና አስፋልቱ ላይ ወርዳ አለፈች። ይህ ከአይሱዙው ጋር ምን ያገናኘዋል?

የምህንድስና ተማሪ

ለባጃጁ መላ አለው። ከርብስቶኑ ወጥ አይሁን፣ በየተወሰነ ርቀት ለማቆሚያ ወደ ውስጥ ይግባ። ብስክሌቱ በማቆሚያውና በእግረኛው መንገድ መካከል ይለፍ። ተሳፋሪው ሲወርድ ብስክሌት መስመሩን በእግሩ ይሻገራል፣ ስለዚህ ብስክሌተኛው እዚያ ጋ ቀስ ማለት አለበት። ዋናው ነገር ባጃጁና ብስክሌቱ አይጋጠሙም። ጭነት ማራገፍም ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ቢሆን መንገዱ ባዶ ነው።

ባለ ባጃጅ

ማቆሚያው ከገባበት እፈርማለሁ። ግን ቦታውን ቢሮ የተቀመጠ ሰው አይምረጠው። ሰው የት እንደሚወርድ የምናውቀው እኛ ነን። መምህርት፣ ቅዳሜ ጠዋት ይምጡ፣ በባጃጄ እየዞርን አንድ በአንድ ምልክት እናደርጋለን። ሒሳብ አልቀበልም።

ባለ ሱቅ

ከ1 ሰዓት በፊት ቆርቆሮ የሚያወርድ ወዛደር ካገኛችሁ ጥሩኝ። እኔ አልፈርምም አልኩ።

ቆርቆሮውን ግን ዛሬ አስገባዋለሁ።