የቮልስ የውስጥ መብራት በር ሲከፈት አልበራም አለ፣ በስዊቹ ግን ይበራል

ቮልስ_69፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ግራ ሲገባኝ ነው የምጽፈው። መኪናዋ ቮልስ ናት፣ በፈረንጅ የ1969 ሞዴል፣ 12 ቮልት። በቅርቡ ሙሉ ቀለም ተቀብታ፣ የጣሪያዋ ጨርቅ ተቀይሮ፣ የበሮቹ ጎማ ሁሉ በአዲስ ተተክቶ ስትመጣ ሰው ዞሮ የሚያያት ሆናለች፣ ግን የውስጥ መብራቷ እንደድሮው አልሆን አለኝ። መብራቱ ላይ ያለው ስዊች ሶስት ቦታ አለው አይደል፣ አንዱ የሚጠፋበት፣ አንዱ ሁሌ የሚበራበት፣ አንዱ ደሞ በር ሲከፈት የሚበራበት። ሁሌ የሚበራበት ላይ ሳደርገው ቦግ ይላል ምንም አይለውም። በሩ ላይ ሳደርገው ግን የሹፌሩን በር ብከፍት ብዘጋ ጭጭ። የጋቢናውን ስከፍት አንዳንዴ ይበራል አንዳንዴ አይበራም፣ ደህና አድርጌ ከወረወርኩት በርቶ ይጠፋል።

እስካሁን አምፖል ቀየርኩ፣ ያው ነው። ከዛ ኤልኢዲ አስገባሁ፣ እሱ ደሞ ባሰበት፣ በሮቹ ሁሉ ተዘግተው ማታ ሳየው እንደ ፍም ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ፊውዝም ቀይሬያለሁ (አምፖሉን በካቻቢቴ ሳወጣ ጣሪያውን ነካሁና ጧ አለ፣ ኢመርጀንሲውም አብሮ ጠፋ፣ ክው ነው ያልኩት)። የሹፌሩ በር ስዊች የድሮው ተሰብሮ ስለነበር ከቀለሙ በኋላ አዲስ ነው የተገጠመው። ትላንት እሱን ነቅዬ ሽቦውን በቴስተር ስለካው 12 ቮልት አሳየኝ። እዚ ጋ ነው የተምታታብኝ፣ የበር ስዊች ኔጋቲቭ ነው የሚሰጠው ሲባል ነበር የምሰማው፣ ታዲያ ፖዘቲቭ እዛ ምን ይሰራል? የጣሪያውን ጨርቅ የሰራው ልጅ ሽቦ አቀያይሮብኝ ይሆን? ጨርቁን እንደገና ማስፈታት ደሞ አልፈልግም በናታችሁ።

ረስቼው፣ ባትሪዋም ባለፈው ሞታብኝ ነበር። ይሄ ደብዛዛ ነገር ይሆን እንዴ የሚበላው?

ሌሊት_ነጂ፦
ብሮ እኔ ብሆን አዲስ ሽቦ ጎትቼ እገላገል ነበር። የሃምሳ ዓመት ሽቦ ይደርቃል፣ ልባሱ ይሰነጠቃል፣ እሱን ስትፈልግ ከምትውል በቃ ከፊውዝ ሳጥን ጀምረህ ሌላ ዘርጋ።

ጋሼ_ሽቦ፦
ኧረ ሽቦ አይጎተትም! ልጄ ተረጋጋ፣ ጨርቁንም አትንካው። አንተው ራስህ በጻፍከው ውስጥ ግማሹ መልስ አለ። ሁሌ የሚበራበት ላይ ይበራል ካልክ ፊውዙ ደህና ነው፣ ከባትሪ የሚመጣው ሽቦ ደህና ነው፣ አምፖሉም ደህና ነው፣ ሶስቱን እርሳቸው። አምፖል መቀየርህ ራሱ ትርፍ ድካም ነበር። የቀረው መንገድ ከመብራቱ ተነስቶ በበሩ ምሰሶ ውስጥ ወርዶ ስዊቹ ጋ ደርሶ ላሜራ ላይ የሚያልቀው ብቻ ነው።

አሁን ያስደነገጠህ 12 ቮልት። ቴስተር እኮ ኮረንቲ አይጠጣም ማለት ይቻላል። ስለዚ የባትሪው ቮልት በአምፖሉ ክር አልፎ እስከ ሽቦው ጫፍ ወርዶ ኔጋቲቭ እስኪያገኝ ቆሞ ይጠብቃል፣ አንተ የለካኸው እሱን ነው። ማንም ምንም አላቀያየረብህም፣ እንደውም ሽቦው ከላይ እስከ ታች እንዳልተቆረጠ ነው የነገረህ። ብዙ ሰው እዚ ጋ ተታሎ ጤነኛ ሽቦ ሲቆርጥ አይቻለሁ።

እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ኤልኢዲውን አውጣና የድሮውን አምፖል መልስ፣ ኤልኢዲ ለምርመራ አይሆንም ያወናብዳል። የመብራቱን ስዊች በሩ ላይ አድርግ። ከሹፌሩ በር ስዊች የነቀልከውን ሽቦ ጫፉን ቀለም የሌለው ብረት አስነካው፣ የማጠፊያው ብሎን ራስ ምናምን። አትፍራ፣ አምፖሉ መሃል ስላለ ፊውዝ አይቃጠልም። ደምቆ ከበራ ሽቦው ጤነኛ ነው፣ ጉዳዩ ከስዊቹ ወዲህ ነው። ከዛ ስዊቹን መልሰህ ግጠም፣ በሩን ክፈትና የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ (ከኋላ ወንበር ስር ነው መቼም ታውቀዋለህ)፣ ሌላውን የስዊቹ የብረት አካል ላይ አድርግ። ዜሮ አካባቢ ማንበብ አለበት። 12 አካባቢ ካነበበ ስዊቹ ቦዲ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የታሰረውን የመኪናውን ላሜራ) አላገኘም።

እኔ ሳላየው ልናገር፣ 12 ነው የሚያነብልህ። ያ ስዊች ሁለተኛ ሽቦ የለውም፣ ኔጋቲቩን የሚያገኘው በራሱ ብሎን ከላሜራው ነው። ቀለም ቀቢው ደሞ ጎበዝ ስለሆነ ቀዳዳውን ሁሉ ሳይቀር አሳምሮ ቀብቶልሃል።

አንድ ነገር ደሞ፣ በጀርመን መኪና ቡናማ ሽቦ ኔጋቲቭ ነው፣ ቀይ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ ጥቁር ቁልፍ ሲዞር የሚነሳ። የቤት ኤሌትሪክ የሰራ ሰው ቡናማውን ካየ እሳት ያለበት ነው የሚመስለው፣ በቤት እንደዛ ስለሆነ። ሽቦህን የነካው ሰው የቤት ኤሌትሪሺያን ከሆነ ቀለሙን ደግመህ እይ።

ሚኒ_ወዳጅ፦
ጋሼ ሁሉንም ብለውታል፣ እኔ የኤልኢዲውን ልጨምር። ያ ደብዛዛ ነገር ከሹፌሩ በር ጋር አይገናኝም፣ ከጋቢናው ነው የሚመስለኝ ምክንያቱም እሱ ነው ያልተቀየረው። የድሮ ስዊች ውስጡ እርጥበት ገብቶ አረንጓዴ ዝገት ይሰራል፣ በሩ ተዘግቶ ስዊቹ ተጭኖ እያለም በዛ ቆሻሻ በኩል ትንሽዬ ኮረንቲ ትሾልካለች። መደበኛው አምፖል 10 ዋት ስለሆነ ለመብራት 0.8 አምፔር ገደማ ይፈልጋል፣ በምትሾልከው አይሞቅም እንኳ ስለዚ ችግሩ ድሮም ቢኖር አታየውም። ኤልኢዲ ግን በአንድ ሺኛ አምፔር ራሱ ፍም ይመስላል። ጨለማ ውስጥ ሆነህ የጋቢናውን ስዊች ሽቦ ንቀለው፣ ድርግም ካለ ሌባው እሱ ነው። ያው ዝገት ነው ደሞ በሩን ስትወረውረው አንዴ የሚያበራው አንዴ የሚያስቀረው።

ባትሪህን የገደለው ግን ይሄ አይደለም! 1 ሚሊ አምፔር ሙሉ ቀን ቢፈስ 0.024 አምፔር ሰዓት ነው፣ ባትሪው ራሱ ቁጭ ብሎ የሚያባክነው ከዚ ሳይበልጥ አይቀርም። በሩ አልሰራም ብለህ መብራቱን ሁሌ የሚበራበት ላይ እያደረግክ ትጠቀም አልነበር? ረስተኸው ወጥተህ ከሆነ 10 ዋት ሲካፈል 12 በለው፣ 36 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከሆነ ሁለት ቀን ሳይሞላ ባዶ ነው። እኔ ላይ ደርሷል፣ ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ጠቅ ብቻ።

አሮጌ_ፎርድ፦
ቮልስ ላይ ትክክል ናቸው፣ ግን ይሄን አንብቦ ሌላ መኪና ላይ የሚሞክር ካለ ይጠንቀቅ። የድሮ ፎርድ (የአሜሪካኑ) ብዙዎቹ የበር ስዊቹ ፖዘቲቩን ነው የሚያቆራርጡት፣ ሁለት ሽቦ አለው ስዊቹ። እኔ እንደዚሁ ከሆነ ቦታ አንብቤ አንዱን ሽቦ ቦዲ አስነካሁት፣ ፊውዝ ብቻ ሳይሆን ልቤም ተቃጥሎ ነበር። አንድ ሽቦ ብቻ ካየህ አብዛኛውን ጊዜ ኔጋቲቭ ነው፣ ሁለት ካየህ እጅህን ሰብስብና መጀመሪያ ለካ።

ሚኒ_ወዳጅ፦
እውነት ነው። የኔ የእንግሊዝ ናት፣ እዛ ሐምራዊ ሽቦ ሁሌ እሳት ያለው ነው፣ ሐምራዊ ነጭ መስመር ያለው ደሞ ወደ በር ስዊች የሚሄደው፣ ጥቁር ቦዲ። ጭራሽ ከድሮዎቹ ውስጥ ፖዘቲቩ ቦዲ ላይ የታሰረ አለ፣ እንደዛ ከሆነች ኤልኢዲ በአንድ በኩል ብቻ ስለሚሰራ አዙራችሁ ካልከተታችሁት አይበራም።

ቮልስ_69፦
ጋሼ እጅዎን ይሳሙ! ልክ እንዳሉት። ሽቦውን የማጠፊያው ብሎን ላይ ሳስነካው ቦግ። ስዊቹን መልሼ በሩን ከፍቼ አካሉን ስለካው 12.3፣ ባትሪዋ ራሷ 12.4 ነበረች፣ ማለት ስዊቹ ምንም ቦዲ የለውም። ብሎኑን ፈትቼ በባትሪ መብራት ሳየው ቀዳዳው ዙሪያ ቀለሙ እንደ ማር ወፍሮ ብሎኑ ጥርስ ውስጥ ሁሉ ገብቷል። አዲስ ቀለም መፋቅ ሆዴን ባር ባር እያለኝ በቢላ ጫፍ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ክብ ፋቅኩ፣ ብረቱ ነጭ ሆኖ ብቅ አለ፣ የብሎኑን ጥርስም በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፣ እንዳይዝግ ትንሽ ቫዝሊን ቀብቼ አሰርኩት። ስዊቹ ሲቀመጥ የተፋቀው ጭራሽ አይታይም፣ በከንቱ ነው የተጨነቅኩት። አሁን 0.02 ነው የሚያነበው፣ በሩን ስከፍት ወዲያው ይበራል።

የጋቢናውን ሽቦ ማታ ስነቅለው ኤልኢዲው ድርግም አለ፣ እህቴ ልክ ነሽ። ስፈታው ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ነው፣ ጠርጌ አጽድቼ መለስኩት፣ ፍሙ የለም። ባትሪውንም አንቺው አገኘሽው፣ ዕቃ ልፈልግ ብዬ አብርቼ ሁለት ቀን ትቼያት ነበር፣ አፈርኩ።

ግን ሌላ መጣ። የጋቢናው በር ተዘግቶ አንዳንዴ መብራቱ አይጠፋም፣ በሩን ከውጪ በጉልበቴ ገፋ ሳደርገው ይጠፋል። ምንድነው?

ጋሼ_ሽቦ፦
አዲሱ ጎማ ነው። ወፍራም ስለሆነ በሩን ወደ ውጪ ገፍቶ ይይዘዋል፣ ስዊቹ እስከ መጨረሻው አይጫንም። ጎማው ከጊዜ ጋር ይተኛል። እስከዛ ስዊቹ የሚያርፍበት የበሩ ጠርዝ ላይ አንዲት ስስ ጎማ ለጥፍ፣ ሁለት ሚሊ ትበቃለች። ብዙ ካደረግክ ስዊቹን ትሰብረዋለህ።

ይልቅ እሱን ተወውና ያን የተቃጠለውን ፊውዝ በምን ቀየርከው? የቮልስ ፊውዝ ነጩ 8 አምፔር ነው ቀዩ 16፣ የወጣው ምን ቀለም ነበር የገባውስ?

ቮልስ_69፦
ጋሼ እንዳይቆጡኝ... ያኔ ፊውዝ ስላልነበረኝ የተቃጠለውኑ በማስቲካ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልዬ ነው የመለስኩት። ለዛሬ ብቻ ብዬ ነበር።

ጋሼ_ሽቦ፦
አውጣው። አሁን፣ ይሄን አንብበህ ሳትጨርስ። ደግመህ ካቻቢቴ ጣሪያ ብታስነካ ወረቀቱ አይቆረጥልህም፣ የሚቃጠለው በአዲሱ ጨርቅ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ቮልስ_69፦
ወጥቷል። መብራቱም ኢመርጀንሲውም ለጊዜው የለም፣ ነገ ነጭ ገዝቼ አስገባለሁ፣ የወጣው ነጭ ነበር።