ለፈጠርኳት አገር ወረዳና ቀበሌ ማውጣት አቃተኝ፣ እርዱኝ

ጠያቂው (ደሴ፣ ሆጤ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ መልስ ማታ ማታ ረጅም ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው «ወለላ» ባልኳት፣ ካርታ ላይ በሌለች አገር ነው። ሕዝቧ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ነው። 8 ክልል፣ በየክልሉ 6 ዞን፣ በየዞኑ 12 ወረዳ፣ በየወረዳው 20 ቀበሌ አድርጌ፣ ግድግዳዬ ላይ በለጠፍኩት ወረቀት በቀለም ለይቼ ጨርሻለሁ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። በሁለት ወረዳዎች ወሰን ላይ ያለ መሬቷን ለማስመለስ ከቢሮ ቢሮ ትንከራተታለች። ያነበበልኝ ጓደኛዬ «ሴትዮዋን አመንኳት፣ አገሯን ግን አላመንኩም» አለኝ። ምኑ ላይ ቢሉት ሊነግረኝ አልቻለም። ሌላው ጥያቄዬ፣ «ክልል» እና «ዞን» ልበል ወይስ የራሴን ስም ላውጣ?

ሒሳብ አስተማሪ (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ካልኩሌተር አውጣ። ያንተ ወረዳ 576፣ ቀበሌው 11,520 ነው። ሕዝቡን ስታካፍለው ለአንድ ቀበሌ 208 ሰው ይደርሰዋል፣ ያውም ሕፃናቱን ጨምሮ። እኛ ሰፈር ለሰርግ ከዚህ የበለጠ ሰው ይጠራል! ሊቀ መንበሩን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ ሚሊሻውን ስትቀንስ ወረፋ የሚጠብቅ ባለጉዳይ አይተርፍህም።

እኛ ጋ የገጠር ወረዳ መቶ ሺህ ሰው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቀበሌው ደግሞ 5 ሺህ ገደማ። በዚህ ብትሄድ ወለላ 24 ወረዳና 480 ቀበሌ ይኖራታል። ለ24 ወረዳ ክልልም ዞንም ምን ይሠራሉ? አንዱን እርከን ሰርዘው። 4 አውራጃ፣ በየአውራጃው 6 ወረዳ፣ አለቀ።

ጠያቂው፦
የሁለት ወር ቀለም ቅብ ነበር እኮ...

ጡረተኛው (ደሴ)፦
አብሽር ልጄ፣ ቀለም ይገዛል። እኔ በወጣትነቴ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ነበር የምሠራው፣ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበልህ።

ስም ዘመን ይዞ ይመጣል። «ክልል» ስትል አንባቢህ ከ1984 ዓ.ም ወዲህ ያለውን ያስባል። «ጠቅላይ ግዛት» ካልክ የንጉሡ ጊዜ ይመጣበታል። በ1934 ዓ.ም በወጣው ድንጋጌ አገሩ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ተከፍሎ ነበር። ደሴ የወሎ ጠቅላይ ግዛት ከተማ ነበረች። አምባሰል፣ ቃሉ፣ ቦረና፣ የጁ፣ ላስታ የሚባሉት በዚያ በንጉሡ ዘመን አውራጃዎች ነበሩ። ከታች ግብር የሚያሰባስበው፣ ሰው የሚጠራው ጭቃ ሹም ነው። ቀበሌ የሚባለው ከ1967 ዓ.ም ወዲህ የመጣ ነው። እንግዲህ ጭቃ ሹምና የቀበሌ ሊቀ መንበር አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቀምጥብን።

ደግሞ አዋጅ በአንድ ቀን ይወጣል፣ አፍ ግን ቶሎ አይታዘዝም። የገጠር ቀበሌን ዛሬም «ገበሬ ማኅበር» የሚል ሰው ሞልቷል። ሴትዮህ ቢሮውን በድሮ ስሙ ትጥራው፣ ልጅ እግሩ ጸሐፊ ያርማት፣ እሷ ደግሞ መልሳ በዚያው በድሮው ትጥራው።

ጠያቂው፦
አባባ እግዜር ይስጥልኝ። ይህቺን እንዳለች እወስዳታለሁ።

መዝገብ ቤት ነኝ (ኮምቦልቻ)፦
እኔ ደግሞ በየቀኑ ደብዳቤ የምመዘግብ ሰው ነኝ። ካርታህን ለጊዜው ተወውና ወረቀቷን ተከተል። ሴትዮዋ ከቀበሌ የምትይዘው ደብዳቤ ከላይ ቁጥርና ቀን አለው፣ «ጉዳዩ» የሚለው ከሥሩ ተሰምሮበታል፣ ከፊርማው ሥር ቲተር፣ ፊርማውን ነካ ያደረገ ክብ ማኅተም፣ ግርጌው ላይ «ግልባጭ»። ወረዳ ስትደርስ ቁጥር የሌለው ከሆነ እኔ ራሴ እመልሳታለሁ። ክፋት አይደለም፣ መዝገቡ ላይ የምጽፍበት ቦታ የለኝም። ወረዳው ወደ አውራጃ ሲልካት ደግሞ የራሱን ሸኚ ደብዳቤ ይጨምራል። እያለ እያለ ፌስታሏ ይወፍራል።

አሁን ዋናው። ሁለቱ ወረዳዎች ባንድ አውራጃ ሥር ከሆኑ ክርክሩ አውራጃው ላይ ያልቃል፣ መጽሐፍህም አብሮ ያልቃል። ወሰኑ የሁለት አውራጃ ወሰን ጭምር ከሆነ ግን የሁለቱም የበላይ ያለው ዋና ከተማ ብቻ ነው፣ የግድ እዚያ ትሄዳለች። እርከን ማለት ለባለጉዳይ ይኸው ነው፤ ለማን አቤት እንደምትል፣ እዚያ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅባት።

የሀረጎው ሹፌር፦
ወሰኑን ወንዝ ላይ አድርገው። ወንዝ ክረምት ሞልቶ መንገዱን ሲቀይር የሴትዮዋ ማሳ ሳይንቀሳቀስ ማዶ ይቀራል፣ በማግሥቱ ሁለቱም ወረዳ ግብር ይጠይቃታል ወይም ሁለቱም አናውቅሽም ይሏታል። በተራራ ጫፍ የሚሄድ ወሰን እንዲህ አያጣላም።

ስም ላይ ደግሞ ሁሉንም ከጭንቅላትህ አታውጣ። እኛ ጋ ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ፣ ወረ ሂመኖ አለ፤ «ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው፣ እነ እገሌ እንደማለት። ሐሙሲት፣ ሮቢት የሚባሉ ከተሞች ስማቸው የገበያ ቀናቸው ነው። ባንዱ አውራጃ አንድ መነሻ ቃል ደጋግም፣ በሌላው የገበያ ቀን ተጠቀም። ሰዉ ካርታ ሳታሳየው የትኛው አውራጃ እንደገባ ያውቃል። እኔ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ተሳፋሪው ጃኬት ማውለቅ ሲጀምር የት እንደደረስኩ እንደማውቀው ማለት ነው።

ሒሳብ አስተማሪ (ኮምቦልቻ)፦
የዙሪያ ወረዳም አትርሳ። ከተማዋን እንደ ቀለበት የሚከብ ወረዳ አድርግና ጽሕፈት ቤቱን ከተማዋ ውስጥ ትከለው። የራሱ ባልሆነ መሬት ላይ የተቀመጠ አስተዳዳሪ ያዝናናል።

ጠያቂው፦
ወረቀቱን ከግድግዳው አወረድኩት። 4 አውራጃ፣ 24 ወረዳ፣ ወሰኑ ወንዝ፣ ያውም የሁለት አውራጃ። «ክልል» የሚለውን ሰርዤዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ እህቴ የመዝገብ ቤቷ፣ ቀበሌ ላይ ምን ላግድባት? ሊቀ መንበሩን ክፉ ሰው ማድረግ አልፈልግም።

መዝገብ ቤት ነኝ (ኮምቦልቻ)፦
ክፉ መሆን አያስፈልገውም። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ተፈርሟል። ማኅተሙ ግን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ ሊቀ መንበሩ ኪስ ነው፣ ሊቀ መንበሩ ማዶ ለቅሶ ሄዷል። ወንዙ ደግሞ ሞልቷል።