ቀበሮው ከሰው የማይሸሸው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ማለዳ ላይ አንድ ቀበሮ ከአጥሩ ሥር ቆሞ፣ ጆሮዎቹን ቀስሮ፣ ዐሥር እርምጃ ከማይሞላ ርቀት ትክ ብሎ ሲያየኝ ቆየ። ሰውን አለመፍራቱ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ይሆን?

መልስ፦ አለመሸሹ ብቻውን ምልክት አይደለም። ሰው በሚበዛበት አካባቢ ያደገ ቀበሮ የቆሻሻ ገንዳ ምግብ እንደማያጣ ስለሚማር ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የሚያሳስበው ሲንገዳገድ፣ ለሃጩ ሲዝረከረክ ወይም ሳይነኩት ሲተናኮል ነው፤ ከነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

መልስ፦ ምግብ ግን አይስጡት። እ.ኤ.አ. በ1959 በሳይቤሪያ በተጀመረው ቀበሮን የማላመድ ሙከራ ጭራቸውን የሚቆሉ ቀበሮዎች የተገኙት ገራሞቹ ብቻ ለትውልዶች እየተመረጡ በመራባታቸው ነው፤ የሚጥሉለት ሥጋ ድፍረት እንጂ ገራምነት አያስተምረውም።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ዛሬም መጥቶ ነበር፤ ሳጨበጭብ ሳይቸኩል ዞሮ ሄደ።